አስቴር የዘመረችበት ክረምት

ልጅ እያለሁ ክረምት ማለት ለእኔ ዝናብ አልነበረም፤ እህቴ አስቴር ወደ ቤት የምትመጣበት ጊዜ ነበር። ዓመቱን ሙሉ መምህራን ማሰልጠኛ ከርማ ሐምሌ ሲገባ በአላባ በኩል በሚመጣው አውቶቡስ ሆሳዕና ትገባለች። እኔ ከጠዋት ጀምሬ የመናኸሪያው አጥር ላይ ተንጠልጥዬ እጠብቃታለሁ። አውቶቡሱ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ጣራው ላይ የተጫነው ሻንጣና ቅርጫት ዝናብ ጠጥቶ፣ እያቃሰተ ሲደርስ ከሰዉ ሁሉ ቀድሞ የሚወርደው የእሷ ድምፅ ነው። "ሬድዮ! አንቺ ሬድዮ!" ትለኛለች በመስኮት። ወሬ ስለማበዛ ያወጣችልኝ ስም ነው። እውነቷን ነው፤ ዛሬም ዝም በይ ብትሉኝ አልችልበትም። ይህን አንድ ወሬ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ሳላወራው ቆየሁ። እስቲ እናንተ የእኔ ዘመን ልጆች ፍረዱኝ።

አባባ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ከጋሽ ከድር ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ጎን በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን አቁሞ ይሰፋል። አባባ ሀዲያ ነው። እማዬ ደግሞ ከሺንሺቾ የመጣች የከምባታ ልጅ ናት። ቤታችን ውስጥ አባባ በሀዲይኛ ይጠይቃል፣ እማዬ በከምባትኛ ትመልሳለች፣ እኛ ልጆቹ በአማርኛ እንጣላለን። አባባ ከስፌቱ ሌላ የወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበር። በእኛ አገር ሽማግሌነት በሽበት ብቻ አይገኝም፤ ቃሉን የማያጥፍ፣ ለዘመድ የማያደላ ሰው መሆን ይጠይቃል። አባባ እንደዚያ ነበር። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ሰው ሲያስታርቅ ይውላል፤ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ከሚስቱ ጋር ታርቆ ይመለሳል። እኛም በአባባ ስም "የሻሜቦ ልጆች" ስንባል ደረታችንን ነፋ አድርገን ነበር የምንሄደው።

አስቴር ስትመጣ ሰፈሩ ሌላ ሰፈር ይሆናል። በየትምህርት ቤቱ ተበትነው የከረሙት ወጣቶች ሁሉ ለእረፍት ይመለሳሉ፤ ከቦኖሻም ከዱራሜም ዘመድ ሊጠይቅ የሚመጣ አለ። ጠዋት ዝናቡ ጋብ ሲል የቀበሌው ሜዳ ላይ መረብ ኳስ ይጀመራል። መረቡ እዚህም እዚያም ተቀዶ በቃጫ የተጠገነ ስለነበር "በላይ አለፈ፣ የለም በቀዳዳ አለፈ" በሚል ጭቅጭቅ ግማሽ ቀን ያልቃል። አስቴር በረጅሙ ቀሚሷ ላይ የአባባን አሮጌ ሹራብ ደርባ ትጫወታለች። ሴት ልጅ ዘላ ኳስ ስትመታ ማየት ያልለመዱ እናቶች "ኧረ ይቺ ልጅ ምን ነካት!" እያሉ አፋቸውን ይይዛሉ፤ ጨዋታው እስኪያልቅ ግን አንዳቸውም አይሄዱም።

እኛ ትንንሾቹ ከሜዳው በታች ባለው ቁልቁለት ላይ የእንሰት ቅጠል አንጥፈን እንንሸራተታለን። ቅጠሉ ዝናብ ሲነካው እንዴት እንደሚበር! ታች የሚቀበለን ቀይ ጭቃ ነው፤ ቤት ስንገባ ደግሞ የእማዬ ቁንጥጫ። ቀትር ላይ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ወይም በዳጣ የሚበላ ድንች ቅቅል አይጠፋም። የማን ልጅ የት በላ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ በሩ የተከፈተ ቤት ሁሉ ቤታችን ነው። ዳጣ ላይ ግን የእማዬን የሚያህል የለም፤ ይህን የምለው እናቴ ስለሆነች አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ጨዋታ በላይ የአስቴር ድምፅ ነበር። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ድምፅ በወሬ አይነገርም። እንደ ሌሎቹ ሴቶች ቀጥ ብሎ ሽቅብ አይወጣም። ዝቅ ብሎ ይጀምርና ሰው ጆሮውን ሲሰጥ ቀስ እያለ ይነሳል። ጋሽ ከድር እስላም ናቸው፤ መዝሙራችን ከእሳቸው ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። እሷ ጓሮ ልብስ እያጠበች ስታንጎራጉር ግን ሚዛናቸውን አቁመው "ቆይ፣ ልጅቷ ትጨርስ" ይሉ ነበር። ስኳር ሊገዛ የመጣውም ሰው አብሯቸው ቆሞ ይሰማል።

ታዲያ ይህን ድምፅ ይዛ የምትዘምርበት ቦታ አልነበራትም። ቤተ ክርስቲያናችን ከተዘጋ ቆይቷል። "መጤ ሃይማኖት" ተብሎ በሩ ታሸገ፤ ትንሽ ቆይቶ እሽጉ ተነሳና የቀበሌ አዳራሽ ሆነ። አስቴር በልጅነቷ መዝሙር በተማረችበት መድረክ ላይ የቀበሌው ኪነት ቡድን መለማመድ ጀመረ። እኛ የአማኞች ልጆች በዚያ በኩል እንዳናልፍ ተከልክለናል። እኔ ግን አጥሩ ላይ የራሴ ቀዳዳ ነበረችኝ። አኮርዲዮኑ፣ ከበሮው፣ ያ ካኪ ልብስ፣ እግር አንስቶ ወለሉን መምታቱ! ኧረ ልብ ይሰርቅ ነበር። ካኪውን የሚሰፋው ደግሞ ማን መሰላችሁ? አባባ። ቀበሌው ጨርቅ አምጥቶ "ስፋ" ካለው ይሰፋል፤ ሥራው ነዋ። ሽማግሌዎቹም አንድ ቀን "ምነው?" አላሉትም። መስፋቱ ሥራ ነው፣ ለብሶ መዝፈኑ ግን ኃጢአት። ይህ ነገር ያኔም አልገባኝም፤ ዛሬም አልገባኝም።

አማኝ ግን መላ አያጣም። ክረምት የአረም ጊዜ ነው፤ ደቦ የሚከለክል መንግሥት ደግሞ የለም፤ እንዲያውም "ጓዶች፣ በኅብረት ሥሩ!" የሚለው እሱ ራሱ አይደል እንዴ? ስለዚህ ለእረፍት የመጡት ወጣቶች የመበለቶችንና የአቅመ ደካሞችን ማሳ ለማረም ደቦ ይጠራሩ ጀመር። ብዙ ጊዜ የምንሄደው ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው፣ እማማ ወለቴ ወደሚባሉ አሮጊት ማሳ ነበር። ደቦ ላይ መዝፈን የአገር ወግ ስለሆነ ማንም ምን ትላላችሁ አይልም። አስቴር ታወጣለች፣ ሌላው ይቀበላል። ዜማው የደቦ ነው፤ ቃሉ ግን የሀዲይኛ መዝሙር። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ከሩቅ ዜማውን ብቻ ሰምቶ "ልጆቹ እየተጫወቱ ያርማሉ" ብሎ ይሄዳል። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ከማሳው ጀርባ እንሰቱ ውስጥ ገብተው ይጸልያሉ። እርጥብ አፈር ይሸታል፤ እኔ አረሙን ትቼ ስንዴውን እየነቀልኩ ቁጣ እጠግባለሁ። እንዴት ደስ ይለን እንደነበር! አምልኮና የእረፍት ጨዋታ እንደዚያ አንድ ላይ ሲሆን ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ነሐሴ ሲጋመስ አንድ ቀን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ጡሚሶ ከአብዮት ጠባቂዎቹ ጋር በዚያ በኩል መጣ። ጡሚሶ የሰፈራችን ልጅ ነው። ሀዲይኛው ከእኛ ይበልጣል፤ በልጅነቱም ከአስቴር ጋር እዚያው መድረክ ላይ ቆሞ ዘምሯል። እሱን በደቦ ዜማ ማታለል አይቻልም። አስቴር ጀርባዋን ሰጥታ ስለነበር አላየችውም። የሚቀበሏት ልጆች አንድ በአንድ ዝም ሲሉ እሷ ቀጠለች፤ ብቻዋን መቅረቷ ሲገባት ነው ዞር ያለችው። ጡሚሶ ቆቡን አውልቆ ቆሟል። እምላለሁ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

የተናገረው ግን ሌላ ነው። "ጎበዝ፣ አስቴር። ይሄ ድምፅ እዚህ ጭቃ ውስጥ ምን ይሠራል?" አለ። ለመስከረም ሁለት የአብዮት በዓል የከተማው ቀበሌዎች በኪነት ይወዳደራሉ። የእሱ ቀበሌ ባለፈው ዓመት ተሸንፎ የአገር መሳቂያ ሆኗል። አስቴር ከኪነት ቡድኑ ፊት ቆማ ከዘፈነች እሱ እዚህ የሰማው የደቦ ዘፈን ነው ብሎ ያልፋል። እምቢ ካለች ግን የሰማው መዝሙር ነው፤ አብዮት ጠባቂዎቹም እንሰቱ ውስጥ ገብተው ማን እንዳለ ያያሉ። እንሰቱ ውስጥ ደግሞ አባባና ሌሎቹ ሽማግሌዎች አሉ። ያን ጊዜ በዚህ ጉዳይ ተይዞ የሄደ ሰው መቼ እንደሚመለስ፣ ይመለስ እንደሆነም የሚያውቅ አልነበረም። "ነገ መልስሽን እፈልጋለሁ" ብሎ ቆቡን አደረገና ሄደ። ጡሚሶን ክፉ ሰው ነው አልልም፤ ወንበሩን የሚወድ ሰው ነው። ሽማግሌዎቹ ሊቀመንበሩ መጥቶ እንደሄደ እንጂ ምን እንዳለ አልሰሙም። አስቴር ለአባባ ብቻ ነገረችው።

በማግስቱ ጠዋት መኪናው አጠገብ መጥታ ቆመች። እኔ መርፌ ላይ ክር እያስገባሁለት ነበር። "አባባ፣ ምን ላድርግ?" አለችው። አባባ እግሩን ከመርገጫው አነሳ፤ ሜትሩን ጠቀለለ፣ መልሶ ፈታው።

"ሂጂ ልጄ፣ ዝፈኝላቸው። የሰው ነፍስ ይበልጣል" አላት። "ወንድሞች ምን አደረግሽ ካሉሽ እኔ እቆምልሻለሁ።"

"ትቆምልኛለህ?"

"ቃሌ ነው።"

አስቴር እፎይ አለች። ያስጨነቃት ጡሚሶ አልነበረም፤ መዝሙሯን እንዳትነጠቅ ነበር የፈራችው። እሷ ከማሰልጠኛው እየመጣች የምትኖርለት ነገር ያ ነበር፤ መረብ ኳሱም፣ እሸቱም፣ እኛም ከዚያ በኋላ ነን። አባባ እቆምልሻለሁ ካለ ግን አለቀ፤ የአባባ ቃል ደግሞ ማኅተም ነው። በዚያው ቀን አዳራሹ ሄደች። ሥራ በግማሽ አታውቅምና በሙሉ ልቧ ገባችበት፤ አኮርዲዮን ተጫዋቹን ሳይቀር "እዚህ ጋ ቀስ በል፣ ቃሉን አትሸፍነው" እያለች ታዘው ጀመር።

መስከረም ሁለት ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ። አዳራሹ አልበቃ ብሎ ሰው በመስኮት ተንጠልጥሏል። የአማኞች ቤት ሁሉ በሩን ዘግቶ ነበር የዋለው፤ እኔ ግን በጋሽ ከድር እጅ ተይዤ ገባሁ፤ አባባም አይቶ እንዳላየ ሆነ። አስቴር አባባ የሰፋውን ካኪ ለብሳ ወጣች። ዘፈኑ ስለ አዝመራ ነው፤ ቃሉ እንኳ ይህን ያህል አልነበረም። ዝቅ ብላ ጀመረችው። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከዚያ ድምፁ ሲነሳ፣ ያ የቆርቆሮ ጣራ ያሳደጋትን ልጅ ያወቀ መሰለኝ። ሰው ጨብጭቦ አልበቃ አለው፤ እንደገና፣ እንደገና እያለ አስዘፈናት። ጋሽ ከድር "አላህ ይጠብቃት" እያሉ ዓይናቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ፤ እኔ "እህቴ ናት! እህቴ ናት!" እያልኩ ወንበር ላይ ቆሜያለሁ። ቀበሌያችን አሸነፈ። ሽልማቱ አዲስ መረብ ኳስ ከነመረቡ ነበር። በማግስቱ ሜዳው ላይ ተተከለ፤ ምንም ቀዳዳ ስላልነበረው መጨቃጨቂያ አጥተን ነበር።

ከዚያ ያሆዴ ደረሰ፤ የሀዲያ ዘመን መለወጫ። እማዬ ከሴቶቹ ጋር ስታጠራቅም የከረመችው ቅቤ ወጣ፤ ወንዶቹ በሬ ጣሉ፤ ከቡላ የሚሠራው አታካና በቅቤ ዋኝቶ ቀረበ። ሰው በልቶ ጠግቦ፣ ተመራርቆ፣ ደስታው ገና ሳይበርድ ነው ሽማግሌዎቹ በአስቴር ጉዳይ ሊነጋገሩ የተሰበሰቡት፤ ያውም በእኛው ቤት። የጌታ ቤት በነበረ ቦታ፣ በመዝሙር መድረክ ላይ፣ የዓለም ዘፈን ዘፍናለች ተባለ።

እዚህ ላይ የሽማግሌዎቹን ደንብ ልንገራችሁ። ቤተሰቡ የተከሰሰበት ሽማግሌ ጉዳዩ ሲታይ ከቤት ይወጣል፤ ካለቀም በኋላ ነገሩን መልሶ አያነሳም። አድልዎ እንዳይገባ ነው። ይህን ደንብ ከሁሉ በላይ የሚያጠብቀው ማን ነበር? አባባ! ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት የሰብሳቢው የጋሽ ሱጌቦ ልጅ ጠጥቶ ተገኘ ተብሎ ሲከሰስ፣ "ሱጌቦ፣ ውጣ" ያለው አባባ ነው። ጋሽ ሱጌቦ ወጡ። ልጁ ታገደ፤ አኩርፎ ከተማውን ለቆ ሄደ፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰም። አሁን ጋሽ ሱጌቦ አባባን ዝም ብለው አዩት። አባባ ተነስቶ ወጣ።

አስቴርን ጠርተው "ዘፍነሻል ወይስ አልዘፈንሽም?" አሏት።

"ዘፍኛለሁ። ለምን እንደዘፈንኩ አባቴ ይናገራል" አለች።

"አባትሽ ከዚህ ጉዳይ ወጥቷል።"

እሷ በሩን አየች፤ አባባ ላከኝ ብላ በእሱ ማሳበብ ግን አልሆነላትም። ደቦ ላይ የነበሩት ወጣቶች ደጅ ተሰብስበው "እኛ እንናገር" ቢሉ "ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" ተብለው ተመለሱ። እኔ እጅ ላስታጥብ ገብቼ ስለነበር መታገስ አቃተኝና "አባባ ነው የላካት! ለእናንተ ብላ ነው!" ብዬ ጮህኩ። እማዬ ክንዴን ይዛ ጎትታ አወጣችኝ። ውስጥ የነበረውም ሰው "የልጅ ነገር" ብሎ አለፈው። አባባ ጓሮ እንሰቱ መሐል ቆሞ ነበር። ሄጄ "አባባ፣ ግባና ተናገር እንጂ!" አልኩት። እጁ የእንሰቱን ደረቅ ቅጠል እየላጠ ይጥላል፣ እየላጠ ይጥላል። ልብሱ ሁሉ ትቢያ ሆኖ ነበር።

ውሳኔው ከባድ አይደለም ብለው ነበር ያሰቡት። በአማኞች ፊት ቆማ "በድያለሁ፣ ይቅር በሉኝ" ትበል፤ እስከዚያ ግን አትዘምር። የአንዲት ደቂቃ ነገር ነው። አባባ ከጓሮ ተመልሶ "ልጄ፣ በይውና ይለቅ፤ ቃል ብቻ ነው" አላት። አስቴር አየችው። እንዲህ አድርጋ አባባን ስታየው አይቼ አላውቅም ነበር።

"አባባ፣ ባልበደልኩት ንስሐ ልግባ? እግዚአብሔርን ልዋሸው?" አለችው። ቀጥላም "እቆምልሻለሁ ብለኸኝ ነበር" አለችው።

"እንዴት ልቁም? ሱጌቦን ምን ልበለው?" አለ አባባ። ድምፁ የሽማግሌ ድምፅ አልነበረም። ያቺን ቀን ሳስብ የምናደደው በሁሉም ነው፣ የማዝነውም ለሁሉም ነው። አንድ ሐሰተኛ እንኳ ቢኖር መልካም ነበር። ሁሉም እውነተኛ፣ ሁሉም ደንብ አክባሪ ሆነው እህቴን አጠፏት።

አስቴር ማሰልጠኛዋ ሳይከፈት ቀድማ ሄደች። በቀጣዩ ክረምት መጣች፤ መረብ ኳስ ተጫወተች፤ ደቦም ወጣች፤ ዝም ብላ አረመች። ሌላ ልጅ ታወጣ ጀመር። ጎበዝ ልጅ ነበረች፣ ምን ይደረግ፤ ጋሽ ከድር ግን ሚዛናቸውን ለማንም አላቆሙም። ጓሮ ልብስ ስታጥብ እንኳ የሚሰማው የውኃው ድምፅ ብቻ ሆነ። እኔ ልቤ እየተቃጠለ "እዚህ ማን ይሰማሻል? ለእኔ ብቻ ትንሽ በይ" ስላት "ታግጃለሁ እኮ" ትለኛለች፤ እየቀለደች ይሁን መርሯት ይሁን አይታወቅም።

ደርግ ወደቀ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ተመለሰልን። አስቴርም በየገጠሩ ስታስተምር ኖራ፣ አግብታ ወልዳ፣ ሆሳዕና ተመለሰች። እሑድ እሑድ መጨረሻው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ሰው ለመዝሙር ሲነሳ ትነሳለች፤ አፏን ግን አትከፍትም። ጋሽ ሱጌቦ ከሞቱ በኋላ፣ አባባ በምርኩዝ መሄድ ከጀመረ በኋላ፣ አንድ እሑድ ሳንጠብቀው ከወንበሩ ተነሳ። "ያኔ አስቴርን ሂጂ ዝፈኝ ብዬ የላኳት እኔ ነኝ። የዘፈነችው እኛ እንዳንታሰር ነው። እቆምልሻለሁ ብያት አልቆምኩም። ዛሬ ቆሜያለሁ" አለ። ሰው ሁሉ አለቀሰ። መጋቢው እንባውን እየጠረገ አስቴርን ወደ መድረክ ጠራትና "እህታችን፣ እገዳው ተነስቷል፤ ዘምሪልን" አላት። ወጣች። ያ መድረክ ላይ ቆመች። አፏን ከፈተች፤ የወጣው የተሰነጠቀ ትንፋሽ ነው። ጓሮ ያለ መንገድ እንኳ ሰው ካልረገጠው ሣር ይበቅልበታል፤ ድምፅማ እንዴት ይቆያል! ዝቅ ብላ እጅ ነስታ ወርዳ ከአባባ አጠገብ ተቀመጠችና እጁን ያዘችው። ይቅር ብላዋለች፤ ያንን አውቃለሁ። አባባ ግን ራሱን ይቅር ሳይል ነው የሞተው።

አሁን እሑድ ስንሄድ ኪቦርዱ፣ ድምፅ ማጉያው፣ የመዘምራኑ ልብስ ቀለም በየወሩ ነው የሚለዋወጠው። ማንም ማንንም ሳይፈራ ይጮኻል፤ እልልታው ተመስገን ነው፤ እኔ አልከፋኝም። ልጆቹ ለዘመሩት ሁሉ ስልክ ተደቅኖ ይቀረጻል። የጡሚሶ የልጅ ልጆች ሳይቀሩ ከፊት ናቸው። ክረምት ለእረፍት ሲመጡ ግን ደቦ የሚባል የለም፤ የእማማ ወለቴ ማሳ ላይ ሕንፃ ቆሟል፤ ያ ቁልቁለትም አስፋልት ሆኗል። ልጆቹ ቤት ተቀምጠው ስልካቸውን ያያሉ። የእኛ ዘመን ይሻላል ብዬ አልዋሽም፤ ፍርሃቱ ይቅርብን። ግን ከዚያ ሁሉ የተቀዳ ድምፅ መካከል የአስቴር አንዲት እንኳ የለችም። ማን ይቀዳ ነበር? በምን?

ባለፈው ክረምት ቤቴ ተሰብስበን ሻይ ስንጠጣ የአስቴር የልጅ ልጅ፣ መዘምራን ውስጥ ያለችው፣ "እማማ፣ ድሮ ትዘምሪ ነበር አሉ፤ እንዴት ነበር?" ብላ ጠየቀቻት። አስቴር ፈገግ ብላ ዝም አለች። እኔ መቼ ዝም እላለሁ! "ቆይ እኔ ላሳይሽ" ብዬ ያንን የደቦ መዝሙር ጀመርኩት። የቤቱ ሰው በሳቅ ወደቀ። አስቴርም እስክታለቅስ ሳቀች። "ኧረ እንደዚያ አልነበረም!" አለች።

ሳቁ ቆመ። ልጅቷ "ታዲያ እንዴት ነበር?" አለቻት።

አስቴር ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ሁላችንም ጠበቅን። ብዙ ጠበቅን። ከዚያ ዓይኗን ገለጠችና "ረሳሁት" አለች።

እኔ አልረሳሁትም። አንዱም አልጠፋኝም፤ የት ዝቅ እንደሚል፣ የት እንደሚነሳ፣ ጡሚሶ ቆቡን ያወለቀበትን ቦታ ሳይቀር ጆሮዬ ውስጥ አለ። ግን ምን ያደርጋል? እኔ መዘመር አልችልም።